ሁሉም ነገር «ትሪኪ» የሆነበት ክረምት

ግንቦት 6፣ ሰኞ

ሊፍቱ ቆመ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ደህና ነበር፤ ማታ ስመለስ በሩ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጉዴ ፈላ አልኩና በእግሬ ተያያዝኩት። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ሳለከልክ የሕንፃው ኃላፊ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲወርድ አገኘሁት።

«መቼ ነው የሚሠራው?»

ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ትንሽ ትሪኪ ነው» አለኝ።

«ሞተሩ ነው?»

«እሱም አለ።»

«ወይስ ገመዱ ነው?»

«እሱም ይነካካዋል። በአጠቃላይ ሲታይ ግን ትሪኪ ነው።» ብሎኝ ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ ወረደ።

ሰባተኛ ስደርስ እማ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ምን አለ ሰውየው?» ስትለኝ «ቶሎ ይሠራል አለ» አልኳት። እንዲያ አላለም። ሰባት ፎቅ በእግሩ የወጣ ሰው ግን ቃል በቃል የመተርጎም ግዴታ የለበትም።

ግንቦት 8፣ ረቡዕ

ሰውየው ብልጥ ነው። «አይሠራም» ቢለን እንጮህበታለን። «አላውቅም» ቢለን እንንቀዋለን። «ሰንፌ ነው» ቢለን ከሥራው እናስነሳዋለን። «ትሪኪ ነው» ሲለን ግን እኛው አብረነው ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ አልፎ ተርፎም እናዝንለታለን። ዛሬ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ «እሱስ ምን ያድርግ፣ ትሪኪ ሆኖበት ነው» ስትል ሰማኋት። ምኑ ነው ትሪኪ ብትባል ግን አፏ ተይዞ ትቀራለች። የእንግሊዝኛ ቃል ጥቅሙ ይሄው ነው፤ በራሳችን ቋንቋ ሲነገር የሚያሳፍረን ነገር ሁሉ ከረባት አስሮ ይመጣል።

ግንቦት 12፣ እሑድ

እሑድ እማን ወደ እህቷ የምወስድበት ቀን ነበር። አክስቴ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ከተማውን ተሻግሮ ነው ቤቷ፣ መሬት ላይ ያለ፣ ሁለት ክፍል።

እማ ሊፍቱ እንደማይሠራ እያወቀች ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጉልበቷ ከታጠፈ አይዘረጋም፣ ከተዘረጋ አይታጠፍም። አንድ ፎቅ እንኳ በእግሯ መውረድ አትችልም።

«ወንድምሽን ጥሪው» አለችኝ። «አዝሎ ያወርደኛል።»

ደወልኩለት። «እኔ እኮ ደስ ይለኛል እህቴ» አለ። «የዚህ ሳምንት ሁኔታዬ ግን ትንሽ ትሪኪ ነው።» ከኋላው የኳስ ፉጨትና ጩኸት ይሰማል። የወንድሜን ትከሻ ያየ ሰው ሕንፃ ይደግፋል ይላል፤ እናቱን መደገፍ ሲመጣ ግን ትከሻውም ትሪኪ ይሆናል። ስልኩን ሳልዘጋው ነው እማ ጫማዋን ማውለቅ የጀመረችው።

ቀኑን ሙሉ «እህቴ፣ እህቴ» ስትል ዋለች። እነዚህ ሁለት ሴቶች አባታቸውን ማን አስታመመ በሚል ስንት ዓመት ተኳርፈው የታረቁት በቅርቡ ነው። ዛሬ ደግሞ ያለ እሷ እህል አይወርድላትም። አክስቴ ባየቻት ቁጥር «እዚሁ ቅሪ» ትላታለች። «እኔ ቤት ደጅ ወጥተሽ ፀሐይ ትሞቂያለሽ» ትላታለች። እኛም ቤት እኮ ፀሐይ አለ። በመስኮት።

ሥራ ውዬ ገብቼ፣ ምግቧን አቅርቤ፣ እግሯን አሽቼ፣ አንድ ቀን «ደከመሽ ወይ ልጄ?» ብላኝ አታውቅም። ይሄን ምን ብዬ ጻፍኩት?

ግንቦት 15፣ ረቡዕ

በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ቦታ። ሁለት የላይ፣ አንድ የታች ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ዛሬ ሠርቼ መጨረስ አለብኝ። ሐኪሙ አንዱን ቅርጽ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ይሄ አፍ ትሪኪ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። እሱ ግን ቀጠለ፤ «የግራ ድዱ ሟሽሿል፣ ሰሙን እዚህ ጋ አሳሺው፣ አለዚያ ሲያኝክ ይወጋዋል።» ከዚያ ቃል በኋላ ምክንያት ሲከተል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰሙን አሳሳሁት።

ግንቦት 22፣ ረቡዕ

የአምስተኛ ፎቁ ባለታክሲ ደረጃ ላይ አስቆመኝ። «እማማ ጠፉብን» አለ። «እኔና የወንድሜ ልጅ በወንበር አድርገን እናውርዳቸው። መኪናዬም ታች ናት፣ የፈለጉበት እናደርሳቸዋለን። እሑድ ይሁን?»

ደግ ሰው ነው፣ አይካድም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። «የእሷ ነገር ግን ትንሽ ትሪኪ ነው።»

«እንዴት? ሕመሙ ጠናባቸው?»

«አይ፣ ትሪኪ ነው እንጂ።»

ግራ ገብቶት አየኝና «እንግዲህ እኔ አለሁ» ብሎ ወረደ።

ምን ልበለው ታዲያ? አነዳዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። መኪና እንዲያ የሚነዳ ሰው ወንበር እንዴት ያወርዳል? ደረጃ ላይ ቢጥላትስ? እጅ ቢሰበር፣ ዳሌ ቢሰበር አስታማሚዋ እኔ ነኝ፤ ባለታክሲው አይደለም። ደግሞ ሊፍቱ ዛሬ ነገ መሠራቱ አይቀርም። ለእማ አልነገርኳትም። ተስፋ መስጠት ደግ አይደለም።

ግንቦት 26፣ እሑድ

እማ የተተበተበ የሹራብ ክር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትፈታ ዋለች። ድንገት ቀና ብላ፣ «ቆይ፣ ይሄ ቀን በቀን የምትሉት ቃል ምንድነው?» አለችኝ።

«የቱ?»

«ኃላፊው የሚለው፣ ወንድምሽ የሚለው።»

«ውስብስብ፣ አስቸጋሪ ማለት ነው።»

ወደ ክሯ ተመለሰች። «የተወሳሰበ ነገር ጫፉን ይፈልጉለታል እንጂ ስም አውጥተው ይተዉታል እንዴ? ጫፉ የት ነው?»

«የምኑ ጫፍ?»

«የሊፍቱ፣ የወንድምሽ። የአንቺም።»

የእኔ? ምን አደረግሁ እኔ? ወጥ ጥጄ ነበርና ተነሥቼ ሄድኩ። ሳማስለው ቆየሁ፤ መማሰል የሚያስፈልገው ወጥ አልነበረም።

ግንቦት 29፣ ረቡዕ

ደረጃው ላይ ሁለት ሴቶች። «ሊፍቱስ ሊፍት ነው፤ እሳቸውን ግን የያዛቸው…» እያሉ ደረስኩባቸው፤ ወሬውን ቆረጡት። ሰላም አሉኝ፣ ሰላም አልኳቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ ወንድሜ ይሆናል።

ሰኔ 1፣ ዓርብ

ቀኑ ሲጨናነቅብኝ ዋለ። ለጥርስ ቅርጽ ጄሶ በጥብጬ፣ እጄ እስከ አንጓዬ ነጭ ሆኖ ሳለ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ስልኩን በትከሻዬ ያዝኩት።

«እትዬ፣ እናቴ አክስቴን እየጠራች ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስሟን ስትጠራ አደረች። ብቅ ብትል ምን አለ?»

«ነገሩ ትንሽ ትሪኪ ሆኖብናል እኮ የኔ እመቤት» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ገባኝ» አለች።

ምን እንደገባት አልጠየቅኋትም። ጄሶው እየደረቀብኝ ነበር። ጄሶ አይጠብቅም።

ማታ እማ «የደወለ አለ?» ስትለኝ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» አልኳት። ማስጨነቁ ምን ይረባታል? መሄድ ለማትችል ሴት እየተጠራሽ ነው ማለት ጭካኔ ነው። አዎ፣ ጭካኔ ነው። እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ይሄን ደግሜ ጻፍኩት።

ሰኔ 5፣ ማክሰኞ

ሊፍቱ ላይ አዲስ ወረቀት። «ሁኔታው ትሪኪ በመሆኑ በትዕግሥት እንድትጠብቁን።» ከሥሩ አንዱ በእስክሪብቶ «ትሪኪስ አንተ» ብሎ ጽፎበታል። እኔ አይደለሁም። እንኳን ጻፈበት።

ሰኔ 9፣ ቅዳሜ

ፊት ለፊታችን አዲስ ጎረቤት እየገባ ነው። ሁለት ጫኝና አውራጆች፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ፍሪጅ በገመድ አስረው በደረጃ አወጡ። እማ በሩን አስከፍታ፣ ወንበሯን ደፉ ላይ አስደርጋ፣ ሲኒማ እንደገባ ሰው ስታያቸው ዋለች። ውሃ ሰጠቻቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

«ለመሆኑ ፍሪጅ ይከብዳል ሰው?» አለቻቸው።

«ፍሪጅ ይሻለናል እማማ» አለ ቀጭኑ። «ቢያንስ በየፎቁ አስተያየት አይሰጥም።»

«ዝም የሚል ሰው ቢሆንስ?»

«እንደሱ ዓይነቱን እስካሁን አልተሸከምንም።»

ወፍራሙ ላቡን እየጠረገ ማክሰኞ ደግሞ ቁምሣጥኑን ይዘው እንደሚመጡ ነገራት። ነፋስ እየገባ ስለሆነ በሩን ዘጋሁት። «ምን ዘጋሽው?» አለች። ነፋስ አልኳት። በሰኔ ምን ነፋስ አለ አለች። እንዲህ ናት፤ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ከሳቀች ማታውን እኔ ላይ ትነጫነጫለች።

ሰኔ 12፣ ማክሰኞ



ከሥራ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። እማ የለችም። መኝታ ቤት የለችም፤ መታጠቢያ ቤት የለችም። ነጠላዋ የለም። ከወጥ ቤት አንዱ ወንበር፣ ባለ ድጋፉ፣ የለም። መስኮቱ ጋ ሮጥኩ። ለምን መስኮቱ ጋ እንደሮጥኩ አልጽፍም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ኃላፊው ከመግቢያው ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«እናቴን አይተሃታል?»

«እሳቸውማ ወረዱ እኮ። በወንበራቸው ሆነው። ሰላም ብለውኛል።»

«በምን ወረደች?»

እብድ የጠየቀው ይመስል አየኝ። «በደረጃ ነዋ» አለ።

በደረጃ ነዋ! አንድ ወር ሙሉ ትሪኪ ሲለኝ የከረመ ሰው በደረጃ ነዋ አለኝ። ቁምሣጥኑን ያመጡት ጫኞች ሲመለሱ በባዶ እጃችን ከምንወርድ ብለው ነው አሉ የወሰዷት። ባለታክሲው ታች ተቀብሎ አክስቴ ቤት አድርሷታል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

ለምን አትነግረኝም? እኔ እከለክላት ነበር? ልጠብቃት እንጂ ምን አደረግኋት? ጎረቤቱ አሁን ምን ይላል? ወጧን አውጥቼ ነበር። መልሼ ከደንኩት።

ሰኔ 13፣ ረቡዕ

ሥራ ቀርቼ ሄድኩ። እማ ያንን የወጥ ቤት ወንበር ከእህቷ አልጋ ጎን አድርጋ ተቀምጣበታለች፣ የአክስቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ። አክስቴ ከሰኔ 2 ቅዳሜ ጀምሮ ንግግሯ ተዘግቷል። ዓይኗን ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች። ለይታት ይሁን ሳትለያት የሚያውቅ የለም።

«እኔ ነኝ» ትላታለች እማ። «መጣሁልሽ፣ እኔ ነኝ።» ደጋግማ። ገና በር ላይ የቆመ ሰው የሚናገርበት ድምፅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሰላም ያለችኝ በአገጯ ነው። ምን አድርጌያት ነው?

ሰኔ 17፣ እሑድ

አክስቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች።

ሰኔ 18፣ ሰኞ

ቀበርናት። ወንድሜ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ እስከ ጉድጓዱ ድረስ አልተቀየረም። ትከሻው ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም።

ሰኔ 24፣ እሑድ

እማን ልወስዳት ሄድኩ። ባለታክሲውንም ለምኜ፣ አንድ ጫኝም ፈልጌ፣ ሁሉን አሰናድቼ ነው የሄድኩት። ሰዎቹ ደጅ እየጠበቁ፣ ሦስታችን ሴቶች ብቻ ተቀምጠን ሳለ የአክስቴ ልጅ አቀርቅራ መናገር ጀመረች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አይክፋሽ። እናቴ ተቀይመሽ የቀረሽ መስሏት ነው የሞተችው። ‹ያን የድሮውን ነገር አልተወችውም› ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

እማ ወደ እሷ ዘንበል አለች። «ተቀይማለች ብሎ ማን ነገራት?»

«ማንም። እኔው ነኝ። እትዬ ጋ ደውዬ እናቴ እየጠራቻት ነው ስላት ‹ነገሩ ትሪኪ ሆኖብናል› አለችኝ። ሰው እንዲያ የሚለው በአፉ ሊያወጣው የማይፈልገው ነገር ሲኖር ነው ብዬ፣ እንደዚያው ለእናቴ ነገርኳት።»

እማ ወደ እኔ ዞረች። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኸችም።

«ደውላ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበቷ እንቢ ብሏታል፣ ሰው ላኩላት። ይሄን ማለት ያቅታል?»

«ጄሶ እየደረቀብኝ ነበር» አልኳት።

እውነቴን ነው። ጄሶው እየደረቀ ነበር። እውነት ሆኖ እንዲህ የሚያስጠላ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

የአክስቴ ልጅ ተነሥታ ወጣች። እማ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣ «እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ» አለች። «ልጅቷ ብቻዋን ናት። እዚህ ደጅ እወጣለሁ። አልጋዬን ላኪልኝ።»

«እኔስ ብቻዬን አይደለሁም?» ልላት ነበር። ያለ እማ በባለታክሲው መኪና ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ቀስ ብሎ ነው የነዳው።

ሰኔ 27፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። በማን እንደሚፈረድ ሳስብ አመሻለሁ። ኃላፊው ሊፍቱን ቢያሠራው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወንድሜ አንድ እሑድ ኳሱን ቢተው አይመጣም ነበር። የአክስቴ ልጅም ትሪኪ ስላት ምኑ ነው ብላ መጠየቅ ትችል ነበር፤ አፍ የላትም? ባለታክሲውም ቢሆን አንዴ እንቢ ሲባል ያን ያህል ቶሎ መተው ነበረበት? ደጅ ቆሞ ሁለተኛ ቢያንኳኳ እኮ እማ ራሷ ትሰማው ነበር።

ትሪኪ ነው ብዬ ባለታክሲውን ስመልሰው የእማ ጉልበት የባሰበት ነገር አልነበረም። ይሄን ለምን እንደማስበው አላውቅም። መብራት ላጥፋ።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

ሊፍቱ እንደቆመ ነው። ስለ እሱ መጠየቅ ትቻለሁ።

አልጋውን እንዲወስዱልኝ እነዚያኑ ሁለት ጫኞች አስጠራኋቸው። ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እማ እንዴት እንደወረደች ካዩት ሰዎች አፍ መስማት ፈልጌ ነው፤ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እሷንም አልጠየቅኋትም።

አልጋውን ፈታትተው ብረቱን ታች አደረሱና ለፍራሹ ተመለሱ። ውሃ ቀዳሁላቸው። መቅዳቱ የእማ ልማድ ነው፤ እኔ ብርጭቆውን የት እንደምታስቀምጥ እንኳ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

«እማማ እንዴት ናቸው?» አለኝ ወፍራሙ።

«ደህና ናት። አስቸገረቻችሁ እንዴ ያን ቀን?»

«ኧረ ምን ያስቸግሩናል! ቀላል ናቸው፣ ላባ። ስድስተኛው ላይ ትንፋሽ ልንወስድ ቆም ስንል ግን ‹ኧረ ቶሎ በሉ፣ ኧረ ቶሎ በሉ› እያሉ አላስቆም አሉን። ‹አይፍሩ እማማ፣ አንጥልዎትም› አልኳቸው። እሳቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹መውደቁን መች ፈራሁ፣ ልጄ እንዳትደርስብኝ ነው እንጂ።›»

ራሱ ተናግሮ ራሱ ሳቀ። ቀጭኑ በክርኑ ጎሸመው። ወፍራሙ ወደ እኔ አየ፤ ክፍሉን አየ፤ ልጅየዋ ማን እንደሆነች ያኔ ነው የገባው።

«ማለቴ… እንደ ቀልድ ነው እህቴ፣ እንደ ጨዋታ ነው የተናገሩት…»

«ፍራሹን እናንሣው» አልኩ።

«ተይ እኛ እንይዘዋለን፣ ሥራችን ነው።»

ትራሶቹንና ብርድ ልብሱን ለእሱ አሸክሜ የፍራሹን አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ቀጭኑ። በየመታጠፊያው «ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ወደ አንቺ» ይለኛል። አምስተኛው ላይ ባለታክሲው በሩን ከፍቶ አየን፤ ልርዳሽ አላለኝም፣ ገለል ብሎ አሳለፈን። ሦስተኛው ላይ ቀጭኑ እንረፍ ወይ ሲለኝ አይሆንም አልኩት። ሰባቱንም ፎቅ ሳናርፍ ወረድን። አይከብድም ነበር።